ከአረም ተርታ የማትነሳው ልጄ

ልጄን ትብለጥን ሽንት ማቃጠል የጀመራት በሐምሌ መጨረሻ፣ የሩዝ አረም በገባ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ይህን የማውቀው ኋላ ሐኪም ቀኑን ቆጥሮ ስለ ነገረኝ እንጂ በጊዜው አልሰማሁም። በአንድ ቤት እያደርን፣ ከአንድ ገበታ እየበላን፣ በአንድ ማሳ እየዋልን አልሰማሁም።

ያን ጊዜ ዕድሜዋ አሥራ ሰባት ነበር። ሕመሙ ሲጀምር ትንሽ ነበር። ለሽንት ስትቀመጥ እንደ ሚጥሚጣ ይለበልባታል፤ ጥቂት ጠብ ይልና ያቆማል፤ ተነስታ ብዙም ሳትራመድ እንደገና ይመጣባታል። ከእምብርቷ በታች ይከብዳታል። ሽንቷ ደፈረሰ፤ ጠረኑም ተለወጠ። ለእናቷ ለይታይሽ ነገረቻት። እናቷ ማታ ማታ ተልባ በጥብጣ አጠጣቻት። «ብርድ ነው፣ ይለቅሻል» አለቻት። ቀጥላም «ለአባትሽ እንዳትነግሪ» አለቻት።

ለምን እንዲህ እንዳለቻት እንዲገባችሁ እኔ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርሁ ልናገር።

ከወረታ በታች፣ ወደ ጣና በሚወስደው ሜዳ ላይ ሩዝ የማመርት ገበሬ ነኝ። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደሉን አንድ ጎረቤት አሳየኝ፤ ንባቡን ራሴ ታግዬ አወጣሁት። ከዚያ ወዲህ እጄ የገባውን ሁሉ አነባለሁ፤ የጸሎት መጽሐፍም፣ የማዳበሪያ ጆንያ ላይ ያለውን ጽሑፍም፣ የጤና ሠራተኞች የሚያድሉትን ወረቀትም። ጎረቤት ታሞ መድኃኒት ሲሰጠው ይዞ ወደ እኔ ይመጣል። «አያ ደሴ፣ ይችን ተመልከትልኝ፤ በቀን ስንት ናት?» ይለኛል። ይህ ልቤን አሳበጠው። ያነበብሁት ትንሽ ሆኖ ሳለ ያላነበብሁት ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። በቤቴም ፍርዱ የእኔ ነበር፤ ይግባኝ አልነበረውም።

ሁለተኛው ነገር ሜዳው ነው። ፎገራን ያላየ ሰው ይህን ላያውቀው ይችላል። በክረምት መሬቱ ውሃ ነው፤ እንኳን ዛፍ፣ የተቀመጠ ሰው የሚሸፍን ቁጥቋጦ የለም። አረም የምናርመው በወንፈል ነው፤ ዛሬ በእኔ ማሳ፣ ነገ በጎረቤቴ። ወንድና ሴት ጎን ለጎን ተሰልፈን፣ ጎንበስ ብለን፣ በተርታ እንሄዳለን። ወንዱ ሽንቱ ሲመጣ ዞር ይላል፤ አለቀ። ሴቶቹ ሁለት ሁለት ሆነው ይወጣሉ፤ አንዷ ነጠላዋን ዘርግታ ትጋርዳለች፣ አንዷ ትቀመጣለች። ጎረምሳው ያፏጫል። ያንን ፉጨት ፈርተው ብዙዎቹ ከጧት እስከ ማታ ችለው ይውላሉ። ለመቻል ሲሉም ውሃ አይጠጡም። እኔ ይህን ስንት ዓመት አይቸዋለሁ። ችግር ነው ብዬ አስቤ አላውቅም።

አንድ ቀን ወንፈሉ በእኔ ማሳ ነበር። ጠጂቱ የምትባል ባሏ የሞተባት ጎረቤት አለችን፤ አፏ አያርፍም። ሁለተኛ ጊዜ ወጥታ ስትመለስ ነገር ጀመርኋት።

«ጠጂቱ፣ ለአረም ነው የመጣሽ ወይስ ማሳዬን ልታጠጭ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ።

«ኧረ አያ ደሴ! ሰማዩ ቀንና ሌት ሲያወርደው ዝም ብለህ በእኔ ጠብታ ትቆጣለህ?»

«የእኔን ልጅ እያት። ከጧት ጀምሮ ከተርታ አልተነሳችም።»

«የእሷማ ፊኛ አይደለም፣ በርሜል ነው። አንች ትብለጥ፣ ክዳኑን ከየት ገዛሽው? ለእኔም አምጭልኝ!»

ትብለጥ ራሷን እንደ ደፋች ፈገግ አለች። በዚያ ቢያልቅ ጨዋታ ሆኖ ይቀር ነበር። እኔ ግን ቀና ብዬ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብዬ፣ «ጨዋ ልጅ እንዲህ ናት፤ ሰውነቷን ታዘዋለች እንጂ ሰውነቷ አያዛትም» አልሁ። በማግስቱም በሌላ ሰው ማሳ ይህንኑ ደገምሁት። አንዳንዱ አባት ለልጁ «የደሴን ልጅ አታይም?» ማለት ጀመረ። ደስ አለኝ።

ያን ቀን ማቃጠል ከጀመራት አምስተኛ ቀኗ ነበር።

ከዚያ ፍልሰታ ገባ። በቤቴ ፍልሰታን ሁሉም ይጾማል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠብታ ውሃ አይቀመስም። ትብለጥ ጾማ ታርም ነበር። ሽንቷን ይዛ፣ ውሃ ሳትቀምስ፣ እግሯ ውሃ ውስጥ ሆኖ፣ ጀርባዋን ፀሐይ እየመታት። ፊቷ ሲጠቁር አይቻለሁ። «ምን ሆነሻል?» ስላት «ደህና ነኝ አባየ» አለች። አመንኋት። ማመን ይቀለኝ ነበር።

ጾሙ ከተጋመሰ በኋላ ትኩሳት ያዛት። አንቀጠቀጣት። ጥርሷ ተፋጨ። በቀኝ በኩል ጎኗን፣ ከጎድን አጥንቷ በታች፣ ይዛ ትቃትታለች። አስታወካት።

እኔ ወባ ነው አልሁ። በእኛ አገር ትኩሳትና ማንቀጥቀጥ ሲመጣ መጀመሪያ የሚታሰበው ወባ ነው፤ ማሰቤ ጥፋት አልነበረም። ጥፋቴ ሳላስመረምር መፍረዴ ነው። ከዚህ ቀደም የተረፈ የወባ ክኒን ኮአርተም ቤት ነበር፤ የጎደለውን ከጎረቤት ሞላሁ። አቆጣጠሩን አውቀዋለሁና በሰዓቱ እየጠበቅሁ ራሴ አዋጥኋት። ሦስት ቀን። ልጄ ሕመሟ ከሽንቷ እንደሆነ ታውቃለች። እናቷም ታውቃለች። ሁለቱም አልነገሩኝም። ልጄ የሌለባትን በሽታ መድኃኒት ሦስት ቀን ሙሉ ከእጄ ተቀብላ ዋጠች፤ እውነቱን ለእኔ ከመንገር ያ ቀለላት።

በሦስተኛው ቀን መዘባረቅ ጀመረች።

ውሃው መንገዱን ቆርጦት ነበር። ባጃጅ እስከሚገኝበት ድረስ በቃሬዛ ተሸከምናት። ስምንት ወንዶች። ውሃው እስከ ጉልበት። በመንገድ ላይ «አውርዱኝ» አለች። «ምነው?» አልሁ። የተሸከሟትን ወንዶች አይታ ዓይኗን ጨፈነች። «ቻይው፣ ደርሰናል» አልኋት። ትንሽ ሄድን። «አባየ፣ አውርደኝ።» «ቻይው አልሁ!»

ቻለች። ከዚያ አልቻለችም። ከቃሬዛው ሥር ጠብ ጠብ አለ። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበችው። ወንዶቹ ወደ ሌላ አዩ።

ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል። የጻፍሁት ማፈር የነበረብኝ እኔ ስለሆንሁ ነው፤ እሷ አይደለችም።

ወረታ ስንደርስ የተቀበለን ሐኪም ወጣት ነው። ከጣቷ ደም ወሰዱ። ውጤቱ ሲመጣ «ወባ የለባትም፤ ሽንቷን እንየው» አለ። ቀጥሎም የእርግዝና ምርመራ እንደሚሠራላት ተናገረ። ደሜ ፈላ።

«ልጄን ምን አድርገህ ነው የገመትሃት?» አልሁት።

አልተቆጣም። «አባቴ፣ በዚህ ዕድሜ ላለች ለማንኛዋም ሴት የምናደርገው ነው። ለነፍሰ ጡር የማይሰጥ መድኃኒት አለ። አሁን እርስዎ ውጭ ይቆዩልኝና እሷ ታናግረኝ» አለኝ።

ወጣሁ። ከቤቴ ጉዳይ ሰው ሲያስወጣኝ ያ የመጀመሪያው ነው። በሩ ተዘጋ። ብዙ ቆየሁ። ሲወጣ እንዲህ አለኝ።

«እርግዝና የለም። ሽንቷ መግል ነው። ማቃጠል ከጀመራት ሦስት ሳምንት ሊሆናት ነው። ቀን ቀን እንደማትሸና፣ ውሃም እንደማትጠጣ ነግራኛለች። ለምን እንደሆነ ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ» አልሁ።

ሐኪሙ በወረቀት ላይ ሥዕል ሥሎ አስረዳኝ። የሽንት መውጫው ቱቦ በሴት ላይ አጭር ነው፤ ባክቴሪያ በቀላሉ ወደ ፊኛ ይገባል። ሽንት ቶሎ ቶሎ ሲወጣ አብዛኛውን ጊዜ አጥቦት ይወጣል። ተይዞ ሲውል እዚያው ይራባል። ፊኛ ላይ ሳለ ሲስታይቲስ ይባላል፤ በክኒን በጥቂት ቀን ይድናል። ዝም ከተባለ ወደ ላይ ወጥቶ ኩላሊትን ሊይዝ ይችላል፤ ያ ፓይሎኔፍራይቲስ ነው። ትኩሳቱ፣ የጎኗ ሕመም፣ ማስታወኳ የእሱ ምልክት ነው። ከኩላሊት አልፎ በደሟ ተሰራጭቶ ሰውነቷን ማናጋት ጀምሯል፤ ይህን ሴፕሲስ ይሉታል። «ኩላሊቷንም ራሷንም ልናጣ እንችላለን። ከሦስት ቀን በፊት ቢያመጧት ሌላ ነገር ነበር» አለ። ሦስቱን ቀን እኔ ክኒን ስቆጥር ነበር።

ሴፍትሪያክሶን በደም ሥር ጀመሩላት፤ ግሉኮስ ተሰቀለላት። ትኩሳቱ አልወረደም። በሁለተኛው ቀንም አልወረደም። ሽንቷ በጣም አነሰ። በአምቡላንስ ወደ ባሕር ዳር ላኩን። በአልትራሳውንድ ሲታይ በቀኝ ኩላሊቷ ላይ መግል ቋጥሮ ነበር፤ አብሰስ አሉት። በመርፌ ቀድተው አወጡት። እኔ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜ ነበር። ጸሎት ጀመርሁና ጠፋኝ። በየቀኑ የምደግመው ጸሎት ጠፋኝ።

ከሽንቷ ናሙና ካልቸር ተሠራ፤ ባክቴሪያውን አሳድገው የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው የሚለዩበት ምርመራ ነው። በውጤቱ መሠረት መድኃኒቷን ለወጡት። ከዚያ በኋላ ትኩሳቱ ቀስ በቀስ በረደ። አንድ ጧት ውሃ ስጡኝ አለች። ብርጭቆውን ይዤ እስክትጨርሰው አየኋት። ሌላ አስቀዳሁ። ጾሙ አልወጣም ነበር።

በዚያው ሰሞን የነፍስ አባታችን ሊጠይቋት ባሕር ዳር ድረስ መጡ። ከግቢው ዛፍ ሥር ተቀምጠን ሁሉንም ነገርኋቸው። ያጽናኑኛል ብዬ ነበር።

«ለመሆኑ የታመመ ውሃ አይጠጣ ብሎ ያዘዘህ ማነው?» አሉኝ።

«አባ፣ መታመሟን አላወቅሁም።»

«አልጠየቅህማ። እኔንም አልጠየቅህ፣ እሷንም አልጠየቅህ። አንተ መጽሐፍ ትጠይቃለህ እንጂ ሰው አትጠይቅም። ደግሞ ጾም ለሰው እንጂ ሰው ለጾም አልተፈጠረም። በል ተነስ፣ ልጅቱን አሳየኝ።»

ከሦስት ሳምንት በኋላ ወደ ቤት ተመለስን። የሚዋጠውን መድኃኒት እስከ መጨረሻው ፍሬ ጨረሰችው፤ ሽንቷም እንደገና ተመርምሮ ንጹሕ ሆነ። መስከረም አልፎ ውሃው ከሜዳው መሸሽ ሲጀምር፣ ሩዙ አንገቱን መድፋት ሲይዝ፣ እሷም ከአልጋ ወደ ደጅ፣ ከደጅ ወደ ጎረቤት እያለች፣ በመጨረሻም ከጓደኞቿ ጋር ወረታ ገበያ ወርዳ እስክትመለስ ድረስ ሰውነቷ ቀስ እያለ መጣ። ትምህርቷ ግን በዚያ ዓመት ከእኩዮቿ ኋላ ቀረ።

ጎረቤት ሁሉ ወንዛዬ ፍል ውሃ ውሰዷት ይል ነበር። ሐኪሟን ስንጠይቀው «ለድካሟ ጥሩ ነው፣ ትታጠብ፤ ለኩላሊቷ ግን መድኃኒት አይደለም። ዳግም ቢያማት መጀመሪያ ወደ እኛ ነው» አለን። ሄድን። ትብለጥ ከሴቶቹ ጋር ገብታ ሳለ እኔና ይታይሽ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ያኔ ነው ባለቤቴ ተልባውን፣ «ለአባትሽ እንዳትነግሪ» ማለቷን የነገረችኝ።

«እንዴት ትደብቂኛለሽ?» አልሁ። ቁጣዬ ገና አልሞተም ነበር።

«ፈራንህ» አለች። «ከተርታ ተነሳች ብለህ እንዳትነቅፋት። ነገሩን ሌላ አስመስለህ እንዳትይዝባትም ፈራሁ።» ከዚያ ፊቷን አጠገባችን ወደሚወርደው ወንዝ አዙራ፣ «እኔም ካገባሁህ ጀምሮ በየክረምቱ ያቃጥለኛል። አንተ አይተህ አታውቅም» አለችኝ።

ሃያ ሁለት ክረምት አብረን አርመናል። ወረታ ወስጄ አስመረመርኋት፤ እሷም ላይ ተገኘ፤ በጊዜ ስለ ደረስን በክኒን ዳነች።

በቀጣዩ ዓመት አረም ሳይገባ በማሳዬ ዳር ከፍ ካለው ቦታ ላይ አፈር ቆልዬ፣ ጉድጓድ ቆፍሬ፣ አራት እንጨት ተክዬ በማዳበሪያ ጆንያና በሩዝ ገለባ ጋረድሁት። አንድ ጀሪካን ውሃና ሳሙና አስቀመጥሁ። የወንፈሉ ሰዎች ሲመጡ ወንዶቹ «አያ ደሴ ማሳው ላይ ሽንት ቤት ሠራ!» ብለው ሳቁብኝ። ሥራ ሳይጀመር እንዲቀመጡ ለመንኋቸውና አምና በዚሁ ማሳ ላይ የተናገርሁትን ቃል በዚያው ሰው ፊት ስሕተት ነው አልሁ። ልጄ በእሱ ምክንያት ልትሞት እንደነበረ ነገርኋቸው። እውነት ለመናገር ሐኪሙ «ሽንት መያዟ ብቻውን አመጣው ማለት አይቻልም፤ ሽንት የማትይዝም ትታመማለች» ብሎኝ ነበር። ይህንንም አልደበቅኋቸውም። ዝም አሰኝቶ ያቆያት ግን የእኔ ቃል ነው።

መጀመሪያ የተናገረችው ጠጂቱ ናት።

«እንግዲህ አናጢው ሲጸጸት ቤቱ ባዶውን አይቀመጥም፤ እኔ ልመርቀው!» ብላ ቀሚሷን ሰብስባ ሄደች። ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ከመጋረጃው ውስጥ «አያ ደሴ፣ ጣሪያ ረስተሃል፣ ሰማዩ ያየኛል!» ስትል ወንዶቹም ሳቁ።

ማታ ሰው ሲበተን አንድ ጎረቤቴ ወደ ኋላ ቀረ። «አንተን ሰምቼ ነው አምና ልጄን ከተርታ እንዳትወጣ የከለከልኋት» አለኝ። «ያማታል እንዴ?» አልሁት። «አላውቅም፤ አልጠየቅኋትም» አለኝ። በማግስቱ እናቷ ወረታ ወሰደቻት። ፊኛዋ ታሞ ተገኘ። ሌሎች ስንት እንደሆኑ አላውቅም። ቃል ከአፍ ከወጣ በኋላ ማን ቤት እንደገባ አይታወቅም።

ይህን የምታነቡ፣ በቤታችሁ እንዲህ ያለ ሕመም ያለባችሁ፣ ከእኔ ጥፋት ይህን ውሰዱ። ሽንት ማቃጠል፣ ቶሎ ቶሎ መምጣት፣ መደፍረስ፣ ደም መቀላቀል የብርድም የነውርም ምልክት አይደለም፤ የሚታከም ሕመም ነው። ትኩሳት፣ የጎን ሕመምና ማስታወክ ከተጨመረበት በዚያው ዕለት ሂዱ፤ ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ ትንሹንም ምልክት አትናቁ፤ ለሕፃኑም ያሰጋል። ትኩሳትን ሁሉ ወባ አትበሉ፤ ደሙ ይታይ። የተረፈ ክኒን አትስጡ፤ የታዘዘውንም «ተሽሎኛል» ብላችሁ አታቋርጡ። ሴት ልጆች ሲጸዳዱ ከፊት ወደ ኋላ እንዲጠርጉ እናቶች ንገሯቸው፤ ውሃ ይጠጡ፤ ሽንት አይያዙ። ወንዶችም ብትሆኑ ያው ነው። ስትሸኑ ማቃጠል፣ ፈሳሽ፣ የቆለጥ እብጠት ሲታይባችሁ ደብቃችሁ ከሱቅ ክኒን አትግዙ። ሕመሙ በግንኙነት የሚተላለፍ ሆኖ ከተገኘ ከሚስታችሁ ጋር አብራችሁ ታከሙ፤ ማፈር ካለባችሁ እሷን ሳታሳክሙ በመቅረታችሁ እፈሩ። የሚያርስ፣ የሚያሳርም ሁሉ ደግሞ ለሴቶቹ ገለል የሚሉበት ቦታ ያብጅ። ግማሽ ቀን አይፈጅም።

ትብለጥ አሁን ደህና ናት። የቀኝ ኩላሊቷ ጠባሳ ቀርቶበታል፤ ከግራው አንሷል። በየጊዜው የደም ግፊቷ ይለካል፣ ክሬያቲኒን የሚባለው የኩላሊት ምርመራ ይሠራላታል፤ ወደፊት ስታገባና ስትፀንስ ይበልጥ መጠበቅ እንዳለባት ነግረዋታል። ይህ ዕድሜዋን ሙሉ አብሯት የሚሄድ ነው። በወረታ ሥዕል ሥሎ ያስረዳኝን ሐኪም፣ በባሕር ዳር መግሉን ያወጡላትን፣ በጎርፍ ውስጥ የተሸከሟትን ስምንቱን ሰዎች፣ ያን ቀን ያዩትንም እስከ ዛሬ ለማንም ስላልተናገሩ፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው።

አብልጬ የማመሰግናት ግን በቀጠሮዋ የምታያትን ነርስ ነው። ባለፈው ሄድን። ሲጠሯት «ልግባ?» አልኋት። «አይ አባየ፣ አንተ እዚህ ቁጭ በል» አለችኝ፤ በትሕትና ነው። በሩ ገርበብ ብሎ ቀርቶ ኖሮ ድምጿ ይሰማኛል። ስለ ሽንቷ፣ ስለ ወር አበባዋ፣ ማታ ስለሚያማት ወገቧ ሳትፈራ ትነግራታለች። ወገቧን እንደሚያማት አላውቅም ነበር። ጧት በመንገድ ጠይቄያት «ደህና ነኝ» ብላኛለች። ነርሷ አንድ ነገር አለቻት መሰለኝ፣ ልጄ ከት ብላ ሳቀች።

ብድግ ብዬ በሩን ቀስ አድርጌ ዘጋሁትና እንዳልሰማ ራቅ ብዬ ተቀመጥሁ።